ልጅ ላይ ጉድፍ ሲወጣ፦ አደገኛውን ከተራው የመለየት ዝርዝር መመሪያ

ልጁ ጉድፍ (በእንግሊዝኛ ቺክንፖክስ የሚባለው፣ በቫይረስ የሚመጣ ሕመም) የወጣበት ወላጅ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ሽፍታው ነው። ስንት ወጣ? ፊቱን ያበላሸው ይሆን? ጠባሳ ይተዋል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ አደጋው ግን ከሽፍታው ብዛት ጋር ሁልጊዜ አብሮ አይሄድም። ጤነኛ ልጅ ከ250 እስከ 500 የሚደርስ ሽፍታ ወጥቶበት በሳምንት ገደማ ሊድን ይችላል። ጥቂት ብቻ የወጣበት ሌላ ልጅ ደግሞ ከመካከላቸው አንዷ ቁስል አመርቅዛ ሆስፒታል ልታስተኛው ትችላለች። ስለዚህ ከመቁጠር ይልቅ መከታተል የሚገባው ሕመሙ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው፤ ልጁ ከትናንት ዛሬ ተሻለው ወይስ ባሰበት?

ይህ መመሪያ ሐኪምን አይተካም። ዓላማው ወላጅ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚጽፍ፣ ምን እንደማይሰጥና መቼ ልጁን ይዞ መነሳት እንዳለበት ማሳወቅ ነው።

መጀመሪያ፦ የተለመደውን የሕመሙን ጉዞ ይወቁ

ያልተለመደውን ለማየት የተለመደውን ማወቅ ግድ ነው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪታይ ከ10 እስከ 21 ቀን ይወስዳል። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ቀን ትኩሳት፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት ማጣት ሊቀድም ይችላል፤ ትንንሽ ልጆች ላይ ግን ሽፍታው ራሱ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሽፍታው ብዙ ጊዜ ከራስ፣ ከደረትና ከጀርባ ይጀምርና ወደ እጅና እግር ይወርዳል። መጀመሪያ ቀይ ነጥብ ነው፤ ከዚያ ያብጣል፣ ጥርት ያለ ውሃ ይቋጥራል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ በመጨረሻም ደርቆ ቅርፊት ይሆናል። አዳዲሱ ለተከታታይ ቀናት በዙር በዙር ስለሚወጣ በአንድ ገላ ላይ ነጥቡም፣ ውሃ የቋጠረውም፣ ቅርፊቱም በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ኩፍኝ እንዲህ አይደለም፤ ኩፍኝ ውሃ አይቋጥርም፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የዓይን መቅላትም ይቀድሙታል።

ትኩሳቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ቀናት ነው። አዲስ ሽፍታ መውጣቱ ሲቀንስ ትኩሳቱም ይቀንሳል፣ ልጁም መጫወት ይጀምራል። ከ4ኛው ቀን በኋላ እያንዳንዱ ቀን ካለፈው የተሻለ መሆን አለበት። ወርዶ የነበረ ትኩሳት እንደገና ከመጣ፣ ተነስቶ ይጫወት የነበረ ልጅ ተመልሶ ከተኛ፣ ባክቴሪያ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህንን ያስታውሱ።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያዋን ነጥብ ቀን ይጻፉ

የመጀመሪያዋ ነጥብ የታየችበት ቀን “1ኛ ቀን” ትባል። ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ለመድኃኒት የቀረው ጊዜም፣ ልጁ ከሰው የሚቀላቀልበት ቀንም የሚሰላው ከእሱ ነው። አጠገቡ የልጁን ክብደት ይጻፉ። ከዚያ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የትኩሳቱን መጠን ከሰዓቱ ጋር፣ ምን ያህል እንደጠጣ፣ ስንት ጊዜ እንደሸና፣ ምን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠው ይመዝግቡ። ትኩሳቱ የሚለካው ማስታገሻ ከመስጠት በፊት ነው፤ ከሰጡ በኋላ የሚለካው ቁጥር ያታልላል።

ደረጃ 2፦ ልጁ ከማን ወገን ነው?

ይህን ጥያቄ በ1ኛው ቀን ይመልሱት። ከዚህ በታች ያለው ልጅዎን የሚመለከት ከሆነ “እስኪ እንየው” ብሎ መቆየት አይሠራም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይደውሉ ወይም ይሂዱ።

ዕድሜው ከአንድ ወር በታች የሆነ ጨቅላ፤ በተለይ እናቱ ላይ ጉድፍ የወጣው ከመውለዷ በፊት ባሉት 5 ቀናት ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት 2 ቀናት ከሆነ። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ቫይረሱን ከእናቱ ይወስዳል፤ የእናቱን መከላከያ ግን ገና አልወሰደም።

የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ልጅ፤ ለካንሰር የሚታከም፣ የአካል ንቅለ ተከላ ያደረገ፣ ኤችአይቪ ያለበት፣ ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ (የሰውነትን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) በአፍ ወይም በመርፌ የሚወስድ። እነዚህ ልጆች ላይ ቫይረሱ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ድረስ ሊዘልቅ ስለሚችል ብዙ ጊዜ አሳይክሎቪር የሚባል ፀረ ቫይረስ መድኃኒት በደም ሥር ያስፈልጋቸዋል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ስቴሮይዱን በራስዎ ውሳኔ በድንገት አያቋርጡ፤ ማቋረጡ ራሱ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ለአስም የሚነፋውንም መድኃኒት ሐኪም ሳያማክሩ አይተዉት።

ከባድ ኤግዚማ ወይም ሌላ የቆየ የቆዳ ሕመም፣ የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበት ልጅ፣ ወይም በሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ አስፕሪን የሚወስድ ልጅ።

ዕድሜው ከ12 ዓመት በላይ የሆነና ያልተከተበ። ጉድፍ በጉርምስና ዕድሜ ከልጅነቱ ይልቅ ይከብዳል።

የሚያቻኩለው ምክንያት አሳይክሎቪር ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን እንዳይባዛ ያግደዋል እንጂ የደረሰውን ጉዳት አይጠግንም፤ ስለዚህ ሽፍታው በወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። ለጤነኛ ትንሽ ልጅ የሚጨምረው ጥቅም አነስተኛ ስለሆነ ብዙ ሐኪሞች አያዙለትም፤ ስላላዘዙለት መከፋት አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ የመድኃኒት ሳጥኑን ይፈትሹ

ከጉድፍ ጋር የሚመጣው አንዳንዱ ጉዳት ወላጅ በቅን ልቦና የሰጠው መድኃኒት ውጤት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

አስፕሪን አይሰጥም። ጉድፍ ወይም ጉንፋን የያዘው ልጅ አስፕሪን ሲወስድ ሬይ ሲንድረም የሚባል ጉበትን የሚጎዳና አንጎልን የሚያሳብጥ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ሕመሙን በአውስትራሊያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዳግላስ ሬይ እ.ኤ.አ. በ1963 ጽፎ አሳወቀ፤ በ1980ዎቹ አስፕሪን ለልጆች እንዳይሰጥ ማስጠንቀቂያ ከወጣ በኋላ ቁጥሩ እጅግ አሽቆለቆለ። አስፕሪን በሌላ ስምም ይመጣል፤ አንዳንድ የጉንፋንና የሆድ መድኃኒቶች ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል። በማሸጊያው ላይ “አሴቲልሳሊሲሊክ አሲድ” ወይም “ሳሊሲሌት” የሚል ካዩ ይተዉት። ልጁ በሐኪም ትእዛዝ የሚወስደው ከሆነ ግን ቀጣዩን መጠን ከመስጠትዎ በፊት ለሐኪሙ ይደውሉ።

አይቡፕሮፌንም ይቅር። ጉድፍ ላይ ሲሰጥ ከከባድ የቆዳና የሥጋ ኢንፌክሽን ጋር ተያይዞ ታይቷል። መንስኤ መሆኑ ሙሉ በሙሉ ባይረጋገጥም ሌላ አማራጭ እያለ መድፈሩ ምን ይጠቅማል?

አማራጩ ፓራሲታሞል ነው። መጠኑ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ሆኖ በየ4 እስከ 6 ሰዓት ይሰጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 180 ሚሊግራም ይወስዳል ማለት ነው። ሽሮፑ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ያለው ከሆነ ይህ 7.5 ሚሊሊትር ይሆናል። በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም ያለውም ሽሮፕ ስላለ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳያነቡ አይቅዱ፤ መለኪያውም የሻይ ማንኪያ ሳይሆን ሲሪንጅ ይሁን። ዕድሜው ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ካተኮሰው ማስታገሻ ሰጥቶ መጠበቅ የለም፤ ሐኪም ይየው።

ማሳከክን የሚያስታግሱ ሽሮፖች ልጁን እንቅልፍ እንቅልፍ ሊያሰኙት ይችላሉ። ችግሩ መፍዘዝ ራሱ የአደጋ ምልክት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የሰጡበትን ሰዓት ካልጻፉ በኋላ የመድኃኒቱን እንቅልፍ ከአንጎል ሕመም መለየት ይቸግራል። ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል የማሳከክ ማስታገሻ ያለበትን ቅባት በተቆሳሰለ ገላ ላይ አይቀቡ፤ በቁስሉ በኩል ወደ ደም ገብቶ ሊመርዝ ይችላል። የስቴሮይድ ቅባትም፣ ከሌላ ሰው የተረፈ አንቲባዮቲክም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነካም።

ደረጃ 4፦ ቆዳውን በየቀኑ ይፈትሹ

ልጆችን ሆስፒታል ከሚያስገቡት የጉድፍ መዘዞች በብዛት ቀዳሚው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው። ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ድሮም ቆዳ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ አሉ፤ ልጁ ሲያክ እያንዳንዱ የፈረጠ ቁስል ክፍት በር ይሆንላቸዋል።

በቀን አንድ ጊዜ ልጁን በጥሩ ብርሃን ራቁቱን ያድርጉና ከራስ ቅሉ እስከ እግር ጣቱ ይመልከቱት። የጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ጭን መሐል፣ ዳይፐር የሚሸፍነው ቦታ አይዘለል። እያንዳንዱ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ዙሪያ ጠባብ ቀይ ቀለበት መኖሩ ጤናማ ነው። ጤናማ ያልሆነው ቅላቱ እየሰፋ ሲሄድ፣ ቦታው ሲግል፣ ሲጠነክርና ሲያም፣ መግል ወይም ማር የሚመስል ቢጫ ፈሳሽ ሲወጣው፣ ከቁስሉ የሚነሳ ቀይ መስመር ሲታይ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ሐምራዊ ሊመስል ወይም ጨርሶ ላይለይ ይችላል፤ እዚያ ላይ ከዓይን ይልቅ እጅ ይበልጣል። በእጅዎ ጀርባ ነክተው ሙቀቱን ከሌላው ጎን ጋር ያወዳድሩ፣ ቆዳው መወጠሩንም ይዳስሱ።

ከተጠራጠሩ የቅላቱን ወይም የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ ያስምሩና ሰዓቱን ይጻፉ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መስመሩን ካለፈ ክርክሩ አለቀ፤ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ልጁ እያተኮሰውም ከሆነ መስመር እያሰመሩ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ግን ላይ ላዩን ብዙ የማይታየው ነው። ባክቴሪያው ከቆዳው ሥር ወርዶ ሥጋውን በሰዓታት ውስጥ ሊበላው ይችላል። መለያው ሕመሙ ከሚታየው ቁስል ጋር አለመመጣጠኑ ነው፦ ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ልጁ ግን ሊያስነካ አይፈልግም፣ ያለቅሳል፣ በዚያ እግሩ አይረግጥም ወይም በዚያ እጁ አይዝም። ቆይቶ ቦታው ያብጣል፣ ይጠቁራል ወይም ሐምራዊ ይሆናል። ማነከስ የመገጣጠሚያ ወይም የአጥንት ኢንፌክሽን ምልክትም ሊሆን ይችላል። ጉድፍ ያለበት ልጅ በድንገት ካነከሰ “ተጋጭቶ ይሆናል” ብለው አይለፉት። በፀሐይ የተቃጠለ የሚመስል ቅላት መላ ገላውን ከሸፈነው፣ ካስመለሰው፣ ካስቀመጠውና እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ ደግሞ የባክቴሪያው መርዝ ደም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል አንዲት ሰዓት አይባክንም።

መከላከሉ ቀላል ነው። ጥፍሩን ያሳጥሩ፣ እጁን ደጋግመው ያስታጥቡ፣ ለሕፃን ማታ ስስ ካልሲ እጁ ላይ ያጥልቁለት። ገላ መታጠብ ያባብሳል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ለብ ባለ ውሃ በአጭሩ ማጠብና ሳያሹ በፎጣ ቸብ ቸብ አድርጎ ማድረቅ እንዲያውም ይጠቅማል። ካላማይን የሚባለው የቆዳ ቅባት ማሳከኩን ይቀንሳል፤ ዓይን አካባቢ ግን አይቀባም።

ደረጃ 5፦ አንጎሉን በጨዋታ ይፈትሹ

ጉድፍ አንጎልን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። የሚበዛው ሚዛንን የሚቆጣጠረው የኋለኛው የአንጎል ክፍል መቆጣት ሲሆን፣ በ4,000 ገደማ ሕሙማን አንድ ቢደርስበት ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሽፍታው ከወጣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው፤ ቅርፊቱ እየረገፈ፣ ወላጅም “አለፈ” ብሎ እፎይ ባለበት ሰዓት። ልጁ እንደሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፣ እግሩን አራርቆ ይቆማል፣ ዕቃ ሊያነሳ ሲል እጁ ይስተዋል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል። ሲያዩት ያስደነግጣል፤ አብዛኞቹ ልጆች ግን በሳምንታት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። እንዲያም ሆኖ ሌላ ምክንያት አለመኖሩን ማረጋገጥ የሐኪም ሥራ ነው።

የከፋው የአንጎሉ የራሱ ብግነት (መቆጣት) ነው። ከባድ ራስ ምታት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የአንገት መድረቅ፣ ብርሃን መጥላት፣ መቃዠት፣ ሰው አለመለየት፣ ለመቀስቀስ ማስቸገር፣ መንቀጥቀጥ። አንዷም ብትሆን ድንገተኛ ሕክምና ያሻታል። ሬይ ሲንድረምም መልኩ ከዚህ ይቀራረባል፦ እየተሻለው የነበረ ልጅ በተደጋጋሚ ያስመልሳል፣ ከዚያ ጠባዩ ይለወጣል፣ ይነጫነጫል፣ ይፈዛል።

በቀን አንድ ጊዜ፣ እስከ 2ኛው ሳምንት መጨረሻ ድረስ፣ ልጁን ክፍሉን እንዲያቋርጥ ያድርጉት፣ ትንሽ መጫወቻ ከመሬት እንዲያነሳ፣ አፍንጫውን በጣቱ እንዲነካ፣ ስሙን እንዲናገር ይጠይቁት። ለሕፃን ደግሞ ዓይኑ ሰው መከተሉን፣ ጡት መያዙን፣ የእርግብግቢቱን መወጠር ወይም መጎድጎድ ይመልከቱ።

ልጁ ከተንቀጠቀጠ በጎኑ ያስተኙት፣ በአካባቢው ያለውን ጠንካራ ነገር ያርቁ፣ ሰዓት ይመልከቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውሃም አይገባም፤ እጅ እግሩንም አይጫኑት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ። ባጭር ጊዜ ቢቆምም በዚያው ሰዓት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ደረጃ 6፦ ትንፋሽና ፈሳሽ

የሳንባ ምች ከልጆች ይልቅ አዋቂዎች ላይ ይበዛል፤ ልጅ ላይ ሲመጣ ግን ይከብዳል። ልጁ ሲረጋጋ ደረቱን ገልጠው ለሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ይቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከታችኛው የጎድን አጥንት ሥር ሥጋው ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ካቃሰተ ቆጠራውን ትተው ይነሱ።

አፍ ውስጥ የሚወጣው ሽፍታ መዋጥ ስለሚያሳምም ልጁ መጠጣት ይተዋል። ቀዝቀዝ ያለና ጎምዛዛ ያልሆነ ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ ደጋግመው ይስጡት፤ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ፣ የጠፋ ፈሳሽና ጨው የሚተካ ዱቄት) ይስጡ። ለ8 ሰዓት ያህል አለመሽናት፣ ያለ እንባ ማልቀስ፣ የአፍ መድረቅና የዓይን መጎድጎድ ፈሳሽ እንዳለቀበት ያሳያሉ።

ደረጃ 7፦ ደምና ዓይን

ሽፍታው ውስጥ ደም ከቋጠረ፣ ወይም ከሽፍታው ውጪ ቆዳው ላይ ትንንሽ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጥቦች ከወጡ፣ ጥርት ያለ ብርጭቆ ይጫኑባቸው። ተጭነውም ካልጠፉ ደም ከቆዳ ሥር ፈስሷል ማለት ነው፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል። የዓይን ቆብ ላይ የወጣ ሽፍታ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ዓይኑ ራሱ ከቀላ፣ ካመመው ወይም ብርሃን ካስጨነቀው ግን የዓይን ሐኪም ይየው።

ደረጃ 8፦ ሲሄዱ

ከመሄድዎ በፊት ከተቻለ ይደውሉና “ጉድፍ ያለበት ልጅ ይዤ እየመጣሁ ነው” ይበሉ። ቫይረሱ በአየር ስለሚተላለፍ፣ መጠባበቂያ ክፍል ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም ለካንሰር የሚታከም ልጅ አጠገብ መቀመጥ ለእነሱ አደገኛ ነው። ማስታወሻዎን ይያዙ። ሐኪሙ ጋ ሲደርሱ “አሞታል” ከማለት “ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው፤ በ4ኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፍቶ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት 39 ሆኖ ተመለሰ፤ ግራ እግሩን አይረግጥም” ማለት ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

ትኩሳቱ ከ4 ቀን ካለፈ ወይም ከ38.9 በላይ ከወጣ፣ ቁስል ካመረቀዘ፣ ወይም ልጁ መጠጣት ከቀነሰ በዚያው ቀን ይታይ። መንገዳገድ፣ መፍዘዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ መቸገር፣ በብርጭቆ የማይጠፋ ነጥብና ከቁስሉ ጋር የማይመጣጠን ሕመም ግን ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠበቁም።

ደረጃ 9፦ በቤቱ ያሉትን ሌሎች ያስቡ

ጉድፍ ሽፍታው ከመውጣቱ 1 ወይም 2 ቀን በፊት ጀምሮ የመጨረሻው ሽፍታ ቅርፊት እስኪሆን ይተላለፋል። ስለዚህ ሲያውቁት ወንድምና እህት ቀድሞውኑ ተጋልጠዋል፤ ካልተከተቡና ካልያዛቸው ከ10 ቀን እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠብቁት። አብሮ ከሚኖር ሰው የያዘው ሁለተኛው ልጅ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይብስበታል፤ ክትትሉም ጠበቅ ይበል። ክትባቱ ከተጋለጡ በኋላ እንኳ በ3 ቀን፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ቢሰጥ በሽታውን ሊከላከል ወይም ሊያቀልል ይችላል። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ለነፍሰ ጡርና የመከላከል አቅማቸው በጣም ለተዳከመ ሰዎች አይሰጥም፤ ለእነሱ በ10 ቀን ውስጥ የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከሰው ደም የተዘጋጀ መከላከያ) አለ።

ነፍሰ ጡር ሴት ጉድፍ ይዟት የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም እርግጠኛ ካልሆነች፣ በዚያው ቀን ለሐኪሟ ትንገር፤ መከላከያ እንዳላት በደም ምርመራ ይታወቃል። በመጀመሪያዎቹ 20 ሳምንታት ከያዛት በጥቂቱም ቢሆን ፅንሱን የመጉዳት ዕድል አለው፤ እሷንም ለሳንባ ምች ያጋልጣታል።

ደረጃ 10፦ ቅርፊቱ ከረገፈ በኋላ

ሁሉም ሽፍታ ቅርፊት ከሆነ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ሽፍታው ከወጣ ከ5 እስከ 7 ቀን በኋላ፣ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሊመለስ ይችላል፤ ቅርፊቱ እስኪረግፍ መጠበቅ አያስፈልግም። ቫይረሱ ግን ከሰውነት አይወጣም። ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ከዓመታት በኋላ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

ብዙ ወላጅ የማይነገረው ሌላም ነገር አለ። ቫይረሱ የአንጎልን ደም ሥሮች ሊያስቆጣ ስለሚችል፣ ጉድፍ በያዛቸው ልጆች ላይ በተከታዮቹ ወራት ስትሮክ የመከሰት ዕድሉ በጥቂቱ ይጨምራል። በጣም ጥቂት ልጆች ላይ ነው የሚደርሰው። ሆኖም ከጉድፉ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ልጁ በድንገት አንድ ጎኑ ከደከመ፣ ፊቱ ከተጣመመ ወይም መናገር ካቃተው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ ጉድፍ መቼ እንደወጣበትም ሳይጠየቁ ለሐኪሙ ይንገሩ።